መስመሩ የማን ነው?

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት በዓይን ስለማይታይ፣ በእጅ ስለማይጨበጥ፣ ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ፣ አሁን አሁን ደግሞ በየቤታችን ሰውን ከሰው ስለሚያጋጭ አንድ ነገር ነው። ይህም የኢንተርኔት መስመር ነው። «ይህ የቴክኒክ ባለሙያ ጉዳይ እንጂ የዚህ ዓምድ ጉዳይ ነውን?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም እስከዚያች ሐሙስ ድረስ የማስበው እንደዚያው ነበር።

የምሠራው ከመርካቶ ብዙም በማይርቅ አንድ የጉምሩክ አስተላላፊዎች ቢሮ ውስጥ ነው። 14 ሠራተኞች ነን። የቢሮው ኃላፊ እኔ ስሆን፣ ራውተሩ የተሰቀለው ከእኔ ጠረጴዛ በስተጀርባ በመሆኑ ብቻ የኢንተርኔቱም «ባለሙያ» እኔው ሆኜ ቀርቻለሁ። መስመራችን ከውጭ ወደ እኛ በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ያወርዳል፤ ከእኛ ወደ ውጭ የሚልከው ግን 2 ሜጋ ቢት ብቻ ነው። ይህችን 2 ቁጥር በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በዚያች ሐሙስ ረፋድ ላይ አንድ አስመጪ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር። ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሷል፤ የቀረው ዲክላራሲዮኑን ከነአባሪ ሰነዶቹ በኢንተርኔት ማስገባት ነው። ልጁ አንዴ ሞከረ፣ እምቢ አለ። ደገመ፣ ሰለሰ። ያቺ ክብ ምልክት በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ይቋረጣል። አስመጪው «እያንዳንዷ ቀን እኮ በገንዘብ ነው የምትቆጠርብኝ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

የራውተሩን ገጽ ከፈትሁ። በዋይፋይ የተያያዙት ስልኮችና ኮምፒውተሮች ተራ በተራ ተዘርዝረዋል፤ ከጎናቸውም እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደተጠቀሙ በቁጥር ተጽፏል። ከሁሉም በላይ የአንዲት ባልደረባችን ስልክ ቆሟል። ስልኮች የባለቤታቸውን ስም ይዘው ስለሚመዘገቡ ስሟ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከመቀመጫዬ ተነሣሁና በ12 ባልደረቦቿና በእንግዳው ፊት «እኛ እዚህ ሰው እየለመንን አንቺ ድራማ ታያለሽ?» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምንም አላየሁም» አለች።

«መዝገቡ ይናገራል!»

ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች፤ አጠፋችው፤ ቁጭ አለች። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ዲክላራሲዮኑ ገባ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ዙህርን ሰግጄ፣ ልቤ ረግቶ ምሳዬን በላሁ።

ውድ አንባቢያን! የተፈጸመውን ነገር ከማየታችን በፊት መስመር የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ጥቂት መነጋገር አለብን፤ ምክንያቱም የምንዳኝበትን ነገር ባሕርይ ሳናውቅ ብንፈርድ ፍርዳችን ግምት ነው። በኢንተርኔት የሚላክ ማንኛውም ነገር፣ ደብዳቤም ይሁን ፊልም፣ ወደ ትናንሽ እሽጎች ይከፋፈልና እሽጎቹ አንድ በአንድ ይሄዳሉ። መስመሩ ጠባብ በር ነው። በሰከንድ ከሚያሳልፈው በላይ እሽግ ሲመጣበት የተረፈው ራውተሩ ውስጥ ይሰለፋል፤ ሰልፉ ሲሞላ ደግሞ ይወድቃል። በኢንተርኔት ጥራት ያለው ቪዲዮ ማየት በሰከንድ እስከ 5 ሜጋ ቢት ይወስዳል። እንግዲህ በእኛ ቢሮ ሁለት ሰዎች ብቻ እንደዚያ ያለ ቪዲዮ ቢከፍቱ 10ሩ አለቀ ማለት ነው። አሥራ ሁለታችን ጠባቡ በር ላይ እንጋፋለን። ድምፅ ብቻ ማዳመጥ ግን ሌላ ነው፤ ለጥሩ ድምፅ በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት ይበቃል። አንድ ሰው ቪዲዮ በሚያይበት አቅም ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች ድምፅ ሊያዳምጡበት ይችላሉ።

ታዲያ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ መስመር ለራሱ ጉዳይ መጠቀሙ ሐቅ መንካት ነውን? ሽማግሌዎቻችን አማናን ሊያስተምሩን ሲፈልጉ ደጋግመው የሚያነሡት የኸሊፋው ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ ታሪክ አለ። በሕዝብ ገንዘብ በተገዛ ዘይት የሚበራ መብራት አብርተው የሕዝብ ጉዳይ ሲያዩ ቆይተው ወሬው ወደ ግላቸው ሲዞር ያን አጥፍተው የራሳቸውን መብራት እንዳበሩ ይተረካል። ይህን ታሪክ ሰምቶ ያልተደነቀ ያለ አይመስለኝም። እኔም በዚያች ሐሙስ ራሴን በመብራቱ ጠባቂነት አስቀምጬ ነበር።

ነገር ግን ልብ በሉ! ዘይትና መስመር አንድ አይደሉም። ዘይት ያልነደደ እንደሆነ ለነገ ይቀመጣል፤ በከንቱ የነደደው ደግሞ ከማሠሮው ጎድሏል። መስመር ግን አይጠራቀምም። በወር ተቆርጦ በሚከፈልበት መስመር ላይ በዚህች ሰከንድ ማንም ያልተጠቀመበት አቅም በዚህችው ሰከንድ ይጠፋል፤ ለማንም አይተርፍም። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሁሉም ሄዶ፣ ዘበኛው ብቻውን ተቀምጦ የልጁን የምረቃ ቪዲዮ ቢያይ ከማን ላይ ምን ወሰደ? ባለቤቱ በወሩ መጨረሻ አንዲት ሳንቲም አይጨምርም። ያው ዘበኛ ያንኑ ቪዲዮ ረፋድ ላይ ዲክላራሲዮኑ ሲጉላላ ቢያየው ግን የአስመጪውን ቀን፣ የጸሐፊውን ትዕግሥት፣ ምናልባትም የአንድን ሰው እንጀራ ወስዷል። ድርጊቱ አንድ፣ ሰውየው አንድ፣ መስመሩ አንድ ሆኖ ሳለ ሰዓቱ ብቻ ነገሩን ሌላ አደረገው። (መረጃ በመጠን ተለክቶ የሚከፈልበት ከሆነ ግን ወደ ዘይቱ ተመልሰናል፤ ይህን የጓደኛውን ስልክ ተውሶ ፓኬጅ ጨርሶ የመለሰ ሁሉ ያውቀዋል።)

ስለዚህ መስመር የሚመስለው የሚፈስ ውሃን ነው እላለሁ። ስለ ውሃ ደግሞ እኛ ሙስሊሞች ጥንታዊ ዳኝነት አለን። በመዲና ዙበይር ኢብኑል ዐዋምና አንድ የአንሷር ሰው በመስኖ ውሃ ተካስሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መቅረባቸውን በሐዲስ መጻሕፍት እናገኛለን። የዳኝነቱ መሠረት ከላይ ያለው አጠጥቶ ከዚያ ወደ ታች ላለው ጎረቤቱ እንዲለቅ ነበር። ላይኛው ውሃው መጀመሪያ እሱ ዘንድ ስለደረሰ ብቻ የእሱ አይሆንም፤ ታችኛውም ላይኛው ሳያጠጣ ልቀቅልኝ ሊል አይችልም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር በስፔን አገር በቫሌንሲያ ከተማ እስከ ዛሬ አለ። በቱሪያ ወንዝ የሚያጠጡ ገበሬዎች የውሃ ክርክራቸውን የሚያዩላቸው 8 ዳኞች ከራሳቸው መካከል ይመርጣሉ። ዳኞቹ በየሳምንቱ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በትልቁ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይቀመጣሉ። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው በአንደሉስ ዘመን መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ችሎቱም በሙስሊሞች ዘመን እንደተጀመረ በአገሩ ይነገራል፤ ገበሬዎቹ ቦያቸውን የሚጠሩበት ቃል ራሱ «ሳቂያ» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው። ክርክሩ በቃል ነው፤ ጠበቃ የለም፤ ውሳኔው እዚያው ይሰጣል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። እኔን ያስደነቀኝ ግን አከፋፈሉ ነው። ለአንድ ገበሬ የሚደርሰው ይህን ያህል ውሃ ተብሎ የተቆረጠ አይደለም፤ ከወንዙ ውስጥ በመሬቱ ልክ ድርሻ ነው። ወንዙ ሲሞላ የሁሉም ይሞላል፤ ሲጎድልም የሁሉም ይጎድላል። ድርቅ ሲጠና ደግሞ ቅድሚያ የሚሰጠው ሊጠፋ ለተቃረበው ሰብል ነው።

አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህን ገበሬዎች በምሳሌነት አቅርበዋል። ከእርሳቸው በፊት ጋሬት ሃርዲን የተባለ ሊቅ በ1968 የጋራ ሀብት ሁሉ በመጨረሻ መጥፋቱ አይቀርም፣ እያንዳንዱ ለራሱ ይጎትታልና የሚል ክርክር አቅርቦ ብዙዎች ተቀብለውት ነበር። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው የእኛው ተረት በሳይንስ ልብስ መሆኑ ነው። ኦስትሮም ግን ሰዎች ደንቡን ራሳቸው ሲያወጡት፣ ራሳቸው ሲጠብቁት፣ ቅጣቱም ከቀላል ሲጀምር የጋራ ሀብት ለዘመናት እንደሚኖር በተግባር አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ኢንተርኔት ራሱም ይህን ትምህርት በመከራ ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 በካሊፎርኒያ በሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል የነበረው መስመር በሰከንድ 32 ሺህ ቢት ያሳልፍ የነበረው በድንገት ወደ 40 ቢት ወረደ። ቦታዎቹ የሚራራቁት 400 ያርድ ገደማ ነው፤ ደብዳቤውን ይዞ በእግር መሄድ ይሻል ነበር ማለት ነው። ምክንያቱ ምን ነበር? መስመሩ ሲጨናነቅ እሽጎች ይወድቃሉ፤ እሽጉ የወደቀበት ኮምፒውተር ደግሞ «አልደረሰም» ብሎ ወዲያው ደግሞ ይልካል፤ ሁሉም ሲደግም መስመሩ ይበልጥ ይጨናነቃል። ሁሉም እየገፋ ማንም አያልፍም። ቫን ጃኮብሰን የተባለው ባለሙያና ባልደረባው በ1988 ያቀረቡት መድኃኒት ይገርማል። መስመሩን አላሰፉትም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር እሽጉ መውደቁን ሲያይ ሌላ ሰው እንዳለ ተረድቶ የሚልከውን በግማሽ እንዲቀንስ፣ ከዚያም ቀስ እያለ እንዲጨምር አደረጉ። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ሳንነግረው ለማያውቀው ሰው ከመንገድ ገለል የሚለው ከዚያ በመጣ ልማድ ነው።

በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) ኮሮና አውሮፓን በየቤቱ ባስቀመጠ ጊዜ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ባለ ሥልጣናት የቪዲዮ ኩባንያዎችን እባካችሁ ቀንሱ ብለው ጠየቁ። ኔትፍሊክስ በአውሮፓ የሚይዘውን የመስመር መጠን በ25 በመቶ ገደማ ለመቀነስ፣ ዩቲዩብም ቪዲዮውን በዝቅተኛ ጥራት ለማስጀመር ተስማሙ። ተማሪው ከቤቱ እንዲማር ፊልሙ ትንሽ ደብዘዝ ይበል ተባለ።

እንግዲህ ወደ ቢሮዬ ልመለስ።

እሑድ ዕለት ቤት ቁጭ ብዬ የራውተሩን ገጽ ያነሣሁበትን ፎቶ ለታናሽ ወንድሜ አሳየሁት። እሱ ሥራው ይኸው ነው። ጥፋተኛ መያዜን ልነግረው ነበር። ፎቶውን ጥቂት አየና «ይቺ ሴትዮ ምንም እያየች አልነበረም» አለኝ።

«እንዴት?»

«ዓምዶቹ ሁለት ናቸው እኮ። ይኸኛው የተቀበለችው ነው፣ ይኸኛው የላከችው። ትልቁ ቁጥር ያለው በላከችው ላይ ነው። ድራማ የሚያይ ሰው ይቀበላል እንጂ አይልክም።»

አልገባኝም ነበርና አስረዳኝ። ዛሬ ብዙ ስልኮች ዋይፋይ ሲያገኙ ባለቤታቸው ሳይነካቸው ያነሡትን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ሩቅ ማከማቻ ይልካሉ። ለመጠባበቂያ ነው፤ ስልኩ ቢጠፋ እንዳይጠፋ። ሰኞ ሄጄ ሌላ ባልደረባ ስጠይቅ ባልደረባችን ባለፈው እሑድ እህቷን ድራ ነበር። የሠርጉን ቪዲዮ በስልኳ ቀርጻለች፤ ቤቷ ዋይፋይ የለም። ስልኩ በቦርሳዋ ውስጥ ተቀምጦ ከእኛ ዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ ሠርጉን መላክ ጀመረ። የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ አንድ ጊጋ ባይት ቢሆን 2 ሜጋ ቢት በሚልክ መስመር ሌላ ማንም ባይኖር እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። እዚህ ላይ ነው ያቺ 2 ቁጥር የመጣችው። ዲክላራሲዮኑም የሚወጣው በዚያችው ጠባብ በር ነበር።

ስለዚህ መዝገቡ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። መዝገቡ ያለው «ይህ ስልክ ይህን ያህል ተጠቅሟል» ነው። ምን እንዳየች አላለም፤ ዛሬ አብዛኛው የኢንተርኔት ግንኙነት የተመሰጠረ ስለሆነ ሊልም አይችልም። ማወቋንም ሆነ ማሰቧን አልተናገረም። የጎደለውን የሞላሁት ከራሴ ነው። ደግሞ በምን እንደሞላሁት ተመልከቱ፦ ሴት ስለሆነች ድራማ ነው አልሁ። ከላይ የቆመው ስልክ የሒሳብ ሹሙ ቢሆን ኖሮ «ድራማ» የሚለው ቃል ከአፌ ይወጣ ነበርን? በቁጥር ላይ ስምን፣ በስም ላይ ጥርጣሬን፣ በጥርጣሬ ላይ አደባባይን ደራረብሁ። እምነታችን ሰውን ያለ ማስረጃ ከመጠርጠርና ነውሩን ከመሰለል አጥብቆ እንደሚከለክል ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እኔ ግን ስለላ የሚባለው በቁልፍ ቀዳዳ ማየት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የቢሮ ኃላፊዎች ሆይ! መስመሩን መጠበቅ የተሰጣችሁ አደራ መሆኑን አልክድም። መጠኑን ማየትም አይቀርም፤ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ሳያዩ ቦይ መጠገን የለም። ነገር ግን መጠን ማየት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ምን እንደሚያይ ማደን ሌላ ነው። ሁለተኛውን የሚያደርግ ሰው አሳ ጎርጉሮ ዘንዶ ማውጣቱ ነው። የሠራተኛውን በሽታ፣ የትዳሩን ጭንቀት፣ ሌላ ሥራ እየፈለገ መሆኑን ያውቃል፤ ካወቀው በኋላም መልሶ ሊረሳው አይችልም።

ሁሉንም እንዝጋው የሚሉም አሉ። ያየሁትን ልንገራችሁ፤ የቪዲዮ ገጾችን ሁሉ ለሁለት ሳምንት ዘግቼ ነበር። ወጣቶቹ በሁለተኛው ቀን መሻገሪያ አገኙለት፤ የተቸገሩት አዲሱን አሠራር ከሥልጠና ቪዲዮ ይማሩ የነበሩት ሁለት አዛውንት ብቻ ናቸው።

ከሠራተኛው ወገንም የሚነሣ ክርክር አለ፤ ችላ ልለው አልችልም። «ደመወዜ ትንሽ ነው፤ ትርፍ ሰዓቴ አይከፈለኝም፤ ቢያንስ በኢንተርኔቱ ልካስ» ይላል። በደሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በብዙ ቦታም እውነት ነው። ግን ካሣውን ከማን ነው የሚወስደው? ባለቤቱ ለመስመሩ የሚከፍለው ያው ነው። የሚጎድለው ከጎኑ ከተቀመጠው፣ ደመወዙ እንደ እሱ ትንሽ ከሆነው ባልደረባው ነው፤ ዲክላራሲዮኑ እምቢ ስላለው አምሽቶ ከሚሠራው፣ ታክሲ ከሚያጣው። የቀጣሪን ዕዳ ከባልደረባ መሰብሰብ አይቻልም።

ለራሴ ያስቀረሁት ነገር አለ፤ እሱን ካልነገርኋችሁ ጽሑፉ ግማሽ ይሆናል። ወንድሜ ፎቶውን ሲመልስልኝ «ይኼ የዋይፋዩ ዝርዝር ብቻ ነው፤ በገመድ የተያያዙትስ?» አለኝ። በቢሮአችን በገመድ የተያያዘው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው፤ የኃላፊው። ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ ሌላውን ገጽ ከፈትሁት።

እኔ ከጠዋት እስከ ማታ የዳዕዋ ትምህርት እያዳመጥሁ ነው የምሠራው። ልማዴ ነው፤ እንዲያውም እንደ መልካም ልማድ ለሌሎች የምመክረው ነው። የማዳምጠው ግን ከቪዲዮ ገጽ ነው። ፊታቸውን የማላየው ዐሊም ሥራዬ ከከፈትሁት ወረቀት ጀርባ፣ በሌላ መስኮት፣ በሙሉ ጥራት ሲታዩ ይውላሉ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይቀጥላል። ከመስመሩ ሩብ የሚሆነው፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሁሉ፣ ለወራት፣ ለማይታይ ምስል ይሄድ ነበር። ድምፁን ብቻ ባዳምጥ ከዚያ ሃያ እጅ ያነሰ በበቃኝ።

የዚያን ሐሙስ ዲክላራሲዮኑን ያስቀረው የእኔ ቪዲዮ እንዳልነበረ ሐቁን መናገር ይገባል፤ የእኔ በሚያወርደው በር ነበር፣ የእሷ በሚልከው። ነገር ግን ለወራት «ዛሬም ኢንተርኔቱ ተኝቷል» እየተባለ ሲማረር እኔም አብሬ እማረር ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ራሴን አልጠረጠርሁም፤ የማዳምጠው መልካም ነገር ነዋ! ጠባቡ በር ግን በሚያልፈው እሽግ ውስጥ ያለው ትምህርት ይሁን ኳስ አያውቅም። የሚያውቀው ክብደቱን ነው። ሰው በሰው እርሻ ውስጥ አቋርጦ ወደ መስጊድ ቢሄድ የተረገጠው ቡቃያ ወዴት እየሄደ እንደነበር አይጠይቀውም።

ሐሙስ የነበርን ሁሉ በተሰበሰብንበት ተነሥቼ የሆነውን ነገርኋቸው። በአደባባይ የወሰድሁትን በጓዳ መመለስ አልችልም ነበር። ለአስመጪውም ደውዬ «ያን ዕለት ያልሁት ስህተት ነበር» አልሁት፤ ረስቶት ነበር፤ አስታወስሁት። ከዚያ ወደ እሷ ዞሬ «አፉ በይኝ እህቴ» አልሁ። ቶሎ አልመለሰችልኝም።

«አፉ ብያለሁ ጋሼ» አለች ቆይታ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ያን ገጽ ከእንግዲህ ማን ነው የሚከፍተው?»

ጥያቄው ተገቢ ነበርና መልሱን ለሁላችንም ተውነው። ከዙህር በፊት ያለው ሰዓት ለዲክላራሲዮን እንዲሆን፣ በዚያ ሰዓት ስልክ ሁሉ ከዋይፋይ እንዲወጣ፣ ማዳመጥ የፈለገ በድምፅ ብቻ እንዲያዳምጥ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ግን ማንም ማንንም እንዳይጠይቅ ተስማማን። ወንድሜም ራውተሩን አስተካከለልን። አሁን ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ሰልፍ ያበጃል፤ ብዙ የሚጎትት ሰው የሚያረዝመው የራሱን ሰልፍ እንጂ የሌላውን አይደለም። ሐሳቡን ጆን ኔግል የተባለ ሰው በ1985 ነው ያቀረበው፤ እኛ ቢሮ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ፈጀበት። ማን ምን እንደሚያይ ማወቅ ሳያስፈልገው ያካፍላል።

የገጹ ማለፊያ ቃል ግን ከእኔ ወጥቶ ለእሷ ተሰጠ። የጠየቀችው እሷ አይደለችም፤ ከኋላ የተቀመጠው የሒሳብ ሹሙ ነው ያቀረበው፤ ማንም አልተቃወመም።

ባለፈው ሳምንት ረፋድ ላይ ሥራ በዝቶብን እያለ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። አንድ ፋይል አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ ኮምፒውተርዎ በራሱ የሆነ ነገር እያወረደ ሳይሆን አይቀርም፤ ጊዜ ሲያገኙ ቢያዩት» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።